ቁልፉ ሲነካ ገጹ እንደገና የሚከፈተው ለምንድን ነው?

"ፌች ተጠቅሜም የግዢ ቅርጫቱ ቁጥር ለቅጽበት ይቀየርና ገጹ እንደ አዲስ ይከፈታል" ላልከው፦ ጥፋቱ የፌች (fetch፣ ገጹን ሳያድስ ከሰርቨር ጋር መረጃ የሚለዋወጠው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ) አይደለም። በተንህ (የሚነካው ቁልፍ) ያለው ፎርም (ተሞልቶ የሚላክ ቅጽ) ውስጥ ነው። ፎርም ውስጥ ያለ በተን ዓይነቱ ካልተነገረው ራሱን ሰብሚት (ፎርሙን የሚልክ ቁልፍ) አድርጎ ይቆጥራል። ኮድህ ሥራውን ሲጀምር ብራውዘሩ ከኋላው መጥቶ ፎርሙን ይልካል፣ ገጹም ይታደሳል።

የፎርሙን ሰብሚት ኢቨንት (ፎርሙ ሊላክ ሲል የሚነሳውን ክስተት) ያዝ። በፈንክሽኑ የመጀመሪያ መስመር ላይ ፕሪቨንት ዲፎልትን (preventDefault፣ ብራውዘሩ በራሱ የሚያደርገውን የሚያስቀር ትእዛዝ) ጥራ። የበተኑን ዓይነት ወደ "በተን" መቀየርም ያስኬዳል፣ ግን ሰው ብዛቱን ጽፎ ኢንተር ሲጫን ያው ችግር ሊመለስብህ ይችላል።

ከዚያ በፌች ላክ፣ መልሱን በጄሰን (JSON፣ መረጃ የሚጻፍበት ቅርጽ) ተቀበል፣ ቁጥሯን ብቻ በቴክስት ኮንቴንት (textContent፣ ጽሑፍ ብቻ የሚያስገባ) ቅርጫቱ አጠገብ ያለችው ስፓን (span፣ ትንሽ የጽሑፍ መያዣ) ውስጥ አስገባ። የዕቃዎቹን ዝርዝር በሙሉ በኢነር ኤችቲኤምኤል (innerHTML፣ የውስጡን ኮድ በሙሉ የሚቀይር) አትተካ፤ በተኖቹ ላይ ያሰርካቸው ሊስነሮች (ንክኪውን የሚጠብቁ ኮዶች) አብረው ይጠፋሉ።

እኔን ያቃጠለኝን አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሰርቨሩ 404 (አልተገኘም) ወይም 500 (የሰርቨር ስህተት) ቢመልስም ፌች እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን ወደ ካች (catch፣ ስህተት የሚያዝበት የኮድ ክፍል) ይሄዳል። አንድ የሠራሁት የሽያጭ ገጽ ላይ ሰርቨሩ 500 እየመለሰ ገጹ "ትእዛዝዎ ደርሶናል" ሲል ዋለ። ማታ ስልኬ አላረፈም። ጄሰኑን ከመክፈትህ በፊት የሪስፖንሱን (የሰርቨሩን መልስ) ኦኬ (ok፣ መሳካቱን የሚናገር) እይ፤ ፎልስ (አልተሳካም) ከሆነ ቁጥሯን አትንካ፣ "አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ" የሚል መልእክት አሳይ።