ፍላሽ ይዞ መመላለስ ቀረ

ጥያቄ፦ ቤት ዴስክቶፕና ላፕቶፕ አለኝ፣ ሁለቱም ዊንዶውስ 10 ናቸው፣ ዋይፋዩም አንድ ነው፣ ግን ፋይል ለማዘዋወር ሁሌ ፍላሽ። ምን ላድርግ? (ፍላሽ የሰለቸው)

መልስ፦ ምንም መግዛት አያስፈልግህም ወንድሜ። መጀመሪያ ሁለቱም ላይ ኔትወርኩን ከፐብሊክ ወደ ፕራይቬት ቀይረው፣ ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው የሚሳሳተው፣ ፐብሊክ ከሆነ ኮምፒውተሮቹ አይተያዩም። ከዛ ፋይል ሼሪንግን ኦን አድርግና ዴስክቶፑ ላይ ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሼሪንግ። ላፕቶፑ ላይ ፋይል ኤክስፕሎረር ከፍተህ ከላይ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ላይ \\ አድርገህ የዴስክቶፑን ስም ጻፍ። ፓስወርድ ሲጠይቅህ ፒን (ኮምፒውተሩን የምትከፍትበትን አጭር ቁጥር) እንዳታስገባ፣ የሚፈልገው የዴስክቶፑን አካውንት ፓስወርድ ነው፣ አካውንቱ ፓስወርድ ከሌለው ደግሞ ጭራሽ አያስገባህም (እኔን ግማሽ ቀን ያስለፋኝ ይሄ ነው)። ፊልም ምናምን ከሆነ የምታዘዋውረው ግን ከዋይፋይ ይልቅ በኔትወርክ ኬብል ይሻልሃል።