ጌሙን ወይስ ጊታሩን? የልጇን ልደት ለምታስብ እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። የ12 ዓመት ልጅሽ የሙዚቃ ጌም ላይ ተክኗል፣ ለልደቱ አዲስ የፕላስቲክ ጊታር ግዢልኝ ብሎ ይዞሻል፣ አባቱ ደግሞ «በዚያ ገንዘብ እውነተኛ ጊታር ወይ ክራር ይገዛለት» ብሏል። አንቺ የጠየቅሽው ጌሙ ሙዚቃ ያስተምረዋል ወይ ነው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች «ጌም ጊዜ ማባከኛ ነው፣ ቀሚው» ብለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የኔም ልጅ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልክ እንዳንቺው ልጅ በጌሙ ነው የጀመረው፤ ዛሬ ጊታርም ክራርም ይመታል። በመሀል ያየነውን ፍዳ አንቺም እንዳታዪው በደንብ ልጻፍልሽ።

1ኛ) ጌሙ ምት ያስተምራል፣ ጆሮ አያስተምርም። ጊታር ሂሮ የሚባለው ጌም በፈረንጆቹ 2005 ከወጣ ጀምሮ የፕላስቲክ ጊታሩ አሠራር በአብዛኛው ያው ነው፦ አንገቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ አምስት ቁልፎች፣ በቀኝ እጅ በኩል ደግሞ ወደላይና ወደታች የሚመታ አንድ መምቻ። ክር የለውም። ዘፈኑ አስቀድሞ ተቀርጿል፤ ልጁ በሰዓቱ ከመታ የጊታሪስቱ ድምፅ ይሰማል፣ ከሳተ ይጠፋል። ድምፁን የሚያወጣው እሱ አይደለም። አረንጓዴው ቁልፍ በአንዱ ዘፈን አንድ ድምፅ ነው፣ በሌላው ሌላ፤ እዚያው ዘፈን ውስጥም ሊለወጥ ይችላል። መሳሳቱን የሚነግረው ስክሪኑ ስለሆነ ጆሮው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ምቱ ግን የእውነት ነው። ቀኝ እጅ ከዘፈኑ ጋር እኩል መሄድ አለበት፣ ግራ እጅ ከቀኙ ቀደም ብሎ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ጀማሪን የሚያሰቃየው ይሄ የሁለት እጅ መግባባት ነው። ልጄን ያስተማረው ሰው በመጀመሪያው ቀን የነገረኝ «ይሄ ልጅ አይቸኩልም፣ ማን አስተማረው?» ብሎ ነው። ጌሙ መሆኑን ስነግረው አላመነኝም። ስለዚህ ማንም ሰው ልጅሽን «ጊዜህን አባከንክ» እንዲለው አትፍቀጂ።

2ኛ) ልጅሽ ድራም ይወድ እንደሆነ ጠይቂው። ሮክ ባንድ የሚባለው ጌም በ2007 ሲመጣ አራት ፓድና አንድ የእግር ፔዳል ያለው ድራም፣ ማይክሮፎንም ይዞ ነበር። የድራሙ ነገር ከጊታሩ ይለያል፤ በዱላ መምታት መምታት ነው፣ እግርና እጅን ለያይቶ ማዘዝም እውነተኛው ድራም ላይ የሚጠየቀው ራሱ ነው። እዚያ የተማረው ብዙው ይተርፍለታል። የማይክሮፎኑም ጨዋታ ቢሆን የድምፁን ከፍታ ስለሚለካ ከፕላስቲክ ጊታሩ ይልቅ ጆሮ ያሠራል። ልጄ በነበሩት ዘፈኖች ውስጥ የኛን ችክችካ የሚመስል ምት አላገኘም፤ እሱን በኋላ ሠርግ ላይ እያጨበጨበ ነው የተማረው።

3ኛ) መካከለኛው መንገድ ሮክስሚዝ የሚባለው ጌም ነው። ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ በ2011 ያወጣው ሲሆን እውነተኛ ኤሌክትሪክ ጊታር በኬብል ተሰክቶ ጌሙ ራሱ ያዳምጣል። ልጁ ሲሻሻል ኖታ እየጨመረ፣ ሲከብደው እየቀነሰ ይሄዳል። በ2022 የወጣው ሮክስሚዝ ፕላስ ደግሞ በየጊዜው የሚከፈልበት ነው፤ ካርድሽን ከማስገባትሽ በፊት ይህን እወቂ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ድምፁን በቴሌቪዥኑ በኩል አታሳልፊው፣ ስፒከር ወይም የጆሮ ማዳመጫ በቀጥታ ሰኪለት። በቴሌቪዥን ሲያልፍ ድምፁ ይዘገያል፤ ልጁ በትክክል መትቶ ጌሙ «ሳትክ» ይለዋል፣ እሱም ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። ደግሞ ጌሙ እጁን አያይም። አውራ ጣቱ የት እንዳለ፣ የእጁ አንጓ እንደታጠፈ የሚያይለት ሰው ያስፈልጋል።

4ኛ) አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው። ጊታር መሸጫ ስትሄጂ ከሻጩ ጋር ተጠንቀቂ።

እኛ የሄድንበት ሱቅ ትልቅ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ለልጅ የሚሆነውን ሦስት አራተኛ መጠን ጊታር አሳየኝ ብዬ ጠየቅሁት። «የለንም፣ ይሄን ይውሰድ፣ ያድግበታል» አለኝ፣ ጃኬት የሚሸጥልኝ ይመስል። ሙሉ መጠን ያለው፣ የብረት ክር አኩስቲክ ነው። «ክሩ ለልጅ እንዲመች ተስተካክሏል ወይ?» ብዬ በግልጽ ጠይቄዋለሁ። «አዎ» ብሏል። ከፍለን ወጣን።

ልጁ ቤት ገብቶ ጣቱን ሲያሳርፍ አንድም ጥሩ ድምፅ አልወጣለትም። ክሩ ከእንጨቱ ሽቅብ ርቋል፣ ለመጫን የጎልማሳ ጉልበት ይጠይቃል። ጌሙ ላይ ከባድ የሚባለውን ደረጃ ጨርሶ ለጓደኞቹ የሚያሳይ ልጅ ጣቱ ቀልቶ አልጋው ላይ ተኛ። ጣት መቁሰሉ መጀመሪያ ላይ ያለ ነው፣ ቆዳው እስኪጠነክር ማንም ያልፍበታል፤ ይሄ ግን ሌላ ነበር። ይዘነው ተመለስን። ሻጩ ጊታሩን እንኳ አልነካውም። ልጁን ቁልቁል አይቶ «ችግሩ ጊታሩ አይደለም፣ እጁ ነው። ጌሙን ቢጫወት ይሻለዋል» አለ። በልጄ ፊት! ገንዘቤን መልስ ስለው ተከፍቶ የተመታ ዕቃ አንመልስም አለ። ኃላፊውን ጥራልኝ አልኩ፤ ኃላፊው መጣና ያንኑ ደገመው፣ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። እስከዛሬ ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል። የተናደድኩት ለገንዘቡ አይደለም፤ ልጁ መኪና ውስጥ ገብቶ «አባዬ እውነቱን ነው?» ብሎ ስለጠየቀኝ ነው።

እውነቱን አልነበረም። ጊታር የሚጠግን አንድ ሰው ጋ ወሰድኩት። በትንሽ ማስመሪያ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች አንዱ) ላይ ወፍራሙ ክር ምን ያህል ከፍ እንዳለ ለካ። አኩስቲክ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን ያለበት የኛው ከ4 በላይ ነበር። ከታች ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ መደገፊያና ከላይ መቃኛዎቹ ጋ ያለችውን ሞረደ፣ ቀጫጭን ክር ቀየረ፣ ቃኝቶ ለልጁ ሰጠው። ልጁ እዚያው ቆሞ መታ። ጠጋኙ የጠየቀኝ ዋጋ ያን ሱቅ ሊያሳፍር የሚገባ ትንሽ ነው።

ስለዚህ አንቺ፦ ከመክፈልሽ በፊት ልጁ ራሱ ይምታው፣ የክሩ ከፍታ 12ኛው ፍሬት ላይ ይለካ፣ የመመለሻ ደንባቸውንም በጽሑፍ ጠይቂ። ከጌም ለሚመጣ ልጅ ኤሌክትሪክ ጊታር ይሻላል እላለሁ። ክሩ ቀጭን ነው፣ አንገቱ ጠባብ ነው፣ በጌም የለመዳቸው ዘፈኖችም በብዛት በእሱ የተሠሩ ናቸው። በ2024 የወጣው ሪፍማስተር የሚባለው የፕላስቲክ ጊታር 130 ዶላር ገደማ ነበር፤ ትንሽ ከጨመርሽበት ያገለገለ ደህና ኤሌክትሪክ ጊታር ታገኚያለሽ። ያገለገለ የፕላስቲክ ጊታር ካሰብሽ ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ለድሮ ኮንሶል (ጌም ማጫወቻ) የተሠራው በአዲሱ ላይ ላይሠራ ይችላል፤ «አዎ ይሠራል» የሚል ሻጭ ሁሉ አይታመንም።

5ኛ) ስለ ክራሩ ባልሽ ትልቅ ነገር ተናግሯል። ብዙ ወላጅ ክራርን ለባህል ማስታወሻ ብሎ ይገዛል፤ ለእኔ ልጅ ግን ጌሙ ያልሰጠውን ጆሮ የሰጠው ክራር ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ። ጊታር አንዴ ከተቃኘ ድምፆቹ ሁሉ ፍሬቶቹ ላይ ተደርድረው ይጠብቁታል። ክራር ግን ቅኝቱን ራስሽ ካልሠራሽው አይጫወትም። ትዝታ ልትመቺ ነው? ክሮቹን ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ታደርጊያቸዋለሽ። ወደ ባቲ ስትሄጂ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ። አምባሰልና አንቺሆዬም የየራሳቸው አላቸው። ልጄ መቃኛውን እያዞረ «አሁን ደረሰ? አልፎ ሄደ?» ሲል የዋለባቸው ሰዓታት ናቸው ሰሚ ያደረጉት።

ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ባንዴ ሲገርፍ፣ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ዝም ያሰኛሉ፤ የምትፈልጊውን ድምፅ ለማውጣት ጣትሽን ታነሻለሽ። ጌሙ ላይ ተጭነሽ ነው ድምፅ የምታገኚው፣ ክራር ላይ ለቀሽ! አምስት ቁልፍ የለመደ ልጅ ወደ ክራር ሲመጣ መጀመሪያ ጣቶቹ ተጋጩበት፣ ሁሉን በግልባጭ ነበር የሚያደርገው። ያዳነው ቀኝ እጁ ነው። ምቱን አልሳተም፣ ግራው እስኪገባው ቀኙ ጠበቀው። የሚያስተምሩት ጋሼ «ለጀማሪ እንዲህ ያለ ቀኝ እጅ አላየሁም» አሉኝ። ኩራቴን አልደብቅሽም፣ ለዘመድ ሁሉ ደውዬ ነግሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ክራር ላይ የያዘውን ትዝታ ራሱ ጊታሩ ላይ ፈልጎ አገኘው፣ ማንም ሳያሳየው። ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ ውስጥ ሲመታ እናቱ አለቀሰች፣ እኔም አልቀረሁም።

ክራር ስትገዢ ግድግዳ ላይ ለመስቀል የተሠራውን እንዳይሸጡልሽ። ያጌጠ ነው፣ ያምራል፣ ግን መቃኛው ይንሸራተታል። ሻጩ ፊትሽ ይቃኘው፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ ቡና ጠጪ፣ ተነሥተሽ እንደገና ምቺው። ከወረደ ተዪው።

ለልደቱ እኔ ብሆን የማደርገው፦ ያለውን ጌም አልቀማውም፣ አዲስ የፕላስቲክ ጊታር ግን አልገዛለትም፤ በዚያ ላይ ጨምሬ የተስተካከለ ኤሌክትሪክ ጊታርና ሮክስሚዝ እገዛለታለሁ፣ ክራሩን አባቱ ያምጣለት። አስተማሪ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፣ ብቻ ልጁን የማይሰድብ ይሁን። ጊታሩን ስትመርጪ ከጎኑ፣ ክሩና አንገቱ እንዲታይ አድርገሽ ፎቶ አንሺና ከመክፈልሽ በፊት ላኪልኝ። ማታ ከሥራ ስመለስ አይቼ እነግርሻለሁ። ያ የኛ ሱቅ ከሆነም ስሙን በውስጥ መስመር ጠይቂኝ፣ እዚያ እንዳትሄጂ።