መልስ፦ የአውሮፓ ውህደትን ለማጥናት ብሩዥ ወይስ ሌላ ቦታ?
ወንድሜ፣ ለማስተርስ በቤልጅየሟ ብሩዥ ከተማ ያለው የአውሮፓ ኮሌጅ ይሻላል ወይ ብለህ ለጠየቅኸው፦ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ስመ ጥር ተቋም ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ በሆነችው ብራስልስ መሥራት ለሚፈልግ እኔም እመርጥለታለሁ። አንተን የሚስብህ ክልላዊነትና የባህል ብዝኃነት ከሆነ ግን ደቡብ ታይሮልን ተመልከት። ይህ የጣልያን ግዛት እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የኦስትሪያ ነበር፤ ዛሬም አብዛኛው ነዋሪ ጀርመንኛ ተናጋሪ ነው። በ1972ቱ የራስ ገዝ ሕግ መሠረት የመንግሥት ሥራ ሳይቀር በቋንቋ ማኅበረሰቦቹ ብዛት ልክ ይደለደላል፤ ላዲንኛ የተባለውን የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩት ጥቂቶችም ድርሻ አላቸው። በብሔር ፌዴራሊዝም ክርክር ውስጥ ላደግን ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው! በግዛቱ ዋና ከተማ በቦልዛኖ ያለው የዩራክ የምርምር ማዕከል ፌዴራሊዝምንና የአናሳዎችን መብት ያጠናል። የከተማው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በጀርመንኛ፣ በጣልያንኛና በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምር፣ ከማመልከትህ በፊት አንዱን ቋንቋ ከአሁኑ ጀምር።