ተርባይኑ የሚኖረው በአየር ነው፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ወገኖች። በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ ገልፍ ውስጥ የጋዝ ተርባይን ጣቢያ ከምትሰሩ ልጆች ናቸው፣ ሁለቱ ደሞ ከአገር ቤት። ሳነባቸው ሁላችሁም የምታስቡት ስለ እሳቱ ነው፣ ስለ ጋዙ፣ ስለ ቃጠሎው፣ እኔ ግን እዚህ ስራ ላይ በቆየሁ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ወደ አየሩ ነውና መልሶቼ ወደዛ ቢያጋድሉ አይግረማችሁ።

ጥ፦ "ወንድሜ እንዴት ነህ፣ ኩዌት ነኝ። በጥር 120 ሜጋ ዋት ስንጭንበት የነበረ ዩኒት አሁን ሐምሌ ላይ ቀን 8 ሰዓት ሲሆን 95 መድረስ ያቅተዋል። ተበላሽቶ ነው? ሱፐርቫይዘሩ ኖርማል ነው ብሎ ዝም።"

መ፦ ሱፐርቫይዘርህ ልክ ነው፣ ግን ማስረዳት ነበረበት። ተርባይኑ ሁሌ በአንድ ፍጥነት ነው የሚዞረው፣ እናንተ ጋ 50 ኸርዝ ስለሆነ ትላልቆቹ በደቂቃ 3000 ዙር (ሳዑዲ ያላችሁ 60 ኸርዝ ስለሆነ 3600)፣ ስለዚህ በየሴኮንዱ የሚውጠው የአየር ስፋት ብዙም አይቀየርም፣ የሚቀየረው የአየሩ ክብደት ነው። የሞቀ አየር ሳሳ ያለ ነው፣ አየሩን ጨምቆ ለቃጠሎው የሚያቀብለው ኮምፕረሰር ያንኑ ያህል ቢጎርስም የሚገባው ነገር ቀላል ነው፣ አየሩ ካነሰ ደሞ ነዳጁም መቀነስ አለበት አለበለዚያ ብሌዱ (የተርባይኑ ክንፍ) ይቃጠላል። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ሜጋ ዋት የሚለካው በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በ60 ፐርሰንት እርጥበት፣ በባህር ወለል ላይ ነው። ከዛ በላይ እያንዳንዱ ዲግሪ እንደ ማሽኑ ዓይነት ከ0.5 እስከ 0.9 ፐርሰንት ይቀንስበታል። መሀሉን 0.7 ያዝና በ48 ዲግሪ አስላው፣ 33 ዲግሪ ልዩነት ማለት ወደ 23 ፐርሰንት ነው፣ የጠፋብህ ሜጋ ዋት እዛ ውስጥ ነው ያለው።

መፍትሄው የሚገባውን አየር ማቀዝቀዝ ነው። እናንተ ጋ ሙቀቱ ደረቅ በሆነ ቀን ፊልተሩ ኋላ ውሃ የሚያረጥበው ኢቫፖሬቲቭ ኩለር ወይ ፎጊንግ (ውሃን እንደ ጉም የሚረጭ) ሙቀቱን 15 ዲግሪና ከዛ በላይ ሊያወርድ ይችላል። ባህር ዳርቻ ላይ አየሩ በእርጥበት በተሞላ ቀን ግን ውሃው አይተንም፣ እዛ የሚያዋጣው ቺለር (እንደ ፍሪጅ የሚያቀዘቅዝ ማሽን) ነው፣ እሱ ደሞ ራሱ መብራት ይበላል።

ጥ፦ "ባህር ዳር የሜካኒካል ተማሪ ነኝ። ኮምፕረሰሩ ከግማሽ በላይ ኃይሉን ይበላል ሲሉን ማመን አቃተኝ። ታዲያ ምን ይተርፋል?"

መ፦ ጥያቄህን ወደድኩት፣ ምክንያቱም የዚህ ማሽን ታሪክ በሙሉ እሱ ነው። ኖርዌጂያኑ ኤጊዲየስ ኤሊንግ በ1903 ኮምፕረሰሩን አጥግቦ የተረፈ ኃይል ሲያገኝ የተረፈው 11 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፣ ግን መትረፉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በ1939 ስዊዘርላንድ ኑሻቴል ከተማ ብራውን ቦቬሪ የሚባለው ኩባንያ የሰራው የመጀመሪያው የከተማ መብራት ጋዝ ተርባይን ስራ ጀመረ። ተርባይኑ 15,400 ኪሎ ዋት ያመነጫል፣ ከዛ ላይ 11,400ውን ኮምፕረሰሩ ይወስዳል፣ ለከተማው የሚደርሰው 4,000 ነው። አስር እንጀራ ጋግረህ ከሰባት በላዩን ወናፍ ለሚነፋው ሰው መስጠት በለው፣ ግን ወናፉ ከቆመ እሳቱም የለም።

ለምን እንዲህ ሆነ ካልክ አየር እንደ ውሃ አይደለም። በእንፋሎት ጣቢያ ውሃውን ወደ ቦይለር የሚገፋው ፓምፕ ትንሽ ኃይል ነው የሚበላው፣ ውሃ አይጨመቅማ። አየር ግን ሲጨመቅ ይሞቃል፣ ይገፋል፣ ይታገላል። ትርፉ የሚመጣው ያው አየር ከተቃጠለ በኋላ በጣም ስለሚሞቅና ስለሚሰፋ ሲወጣ የሚሰጠው ስራ ሲገባ ከተበላው ስለሚበልጥ ነው። ለዛ ነው ሰው ሁሉ የቃጠሎውን ሙቀት ለመጨመር የሚሮጠው፣ የኑሻቴሉ የነዳጁን ጉልበት 17.4 ፐርሰንት ብቻ ነበር ወደ መብራት የሚቀይረው፣ ጃፓን ኒሺ ናጎያ ያለው ጣቢያ ግን ጭሱ ላይ ያለውን ሙቀት በእንፋሎት ተርባይን ደግሞ ተጠቅሞ በ2018 63 ፐርሰንት ደርሷል። እና ከዚህ አንድ ነገር ያዝልኝ፣ ኮምፕረሰሩ ሁለት እጅ በልቶ የሚተርፍህ አንድ እጅ ከሆነ፣ ኮምፕረሰሩ ላይ 1 ፐርሰንት ብታባክን ከትርፍህ የሚጎድለው 2 ፐርሰንት ነው።

ጥ፦ "ኮምፕረሰር ስናጥብ ለምን የቧንቧ ውሃ አንጠቀምም? ዲሚን ውሃው (ጨውና ማዕድኑ የወጣለት) ሁሌ ያልቅብናል።"

መ፦ በፍጹም እንዳታደርጉት። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ጨው፣ በተለይ ሶዲየምና ፖታሲየም፣ ወደ ሙቁ ክፍል ሄዶ ብሌዱን ይበላዋል። ዲሚን ካለቀ እጥበቱን ለሌላ ቀን አስተላልፉት።

ጥ፦ "ዳማም ነኝ፣ ኦፕሬተር ለመሆን እየሰለጠንኩ ነው። የጋዝ ቡስተር ኮምፕረሰራችን (የነዳጅ ጋዙን ጨምቆ ለተርባይኑ የሚልከው) የጨመቀውን ጋዝ በአንድ ቫልቭ መልሶ ወደ መግቢያው ይልከዋል። ይሄ ብክነት አይደለም ወይ?"

መ፦ የምትለው አንቲ ሰርጅ ቫልቩን ነው። ብክነት ይመስላል፣ ግን የማሽኑ ነፍስ እዛ ላይ ነች። ኮምፕረሰር ጋዙን ከዝቅተኛ ፕረዠር ወደ ከፍተኛ እየገፋ ነው፣ ሽቅብ ውሃ እንደመግፋት ነው በቃ። ተርባይኑ ሎድ (የሚሰጠውን ኃይል) ሲቀንስ ወይ ትሪፕ ሲያደርግ (በድንገት ሲቆም) ጋዙ መሄጃ ያጣል፣ በኮምፕረሰሩ ውስጥ የሚያልፈው ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ማሽኑ መግፋት ያቅተውና የገፋው ሁሉ ተመልሶ በላዩ ላይ ይመጣል፣ ከዛ ፕረዠሩ ይወርድና እንደገና ይገፋል፣ እንደገና ይመለስበታል። ይሄ ነው ሰርጅ። ሰምተኸው ከሆነ አትረሳውም፣ መሬቱ ራሱ ይመታል፣ ትረስት ቤሪንጉ (ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው) እና ጋዝ እንዳያመልጥ የሚይዘው ሲል የሚበላሹት በሴኮንዶች ውስጥ ነው። ቫልቩ የሚሰራው ሁሌም በቂ ጋዝ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ነዳጅ እንቆጥብ ብሎ በማኑዋል የሚዘጋ ሰው ካየህ ሺፍት ኢንጂነሩን ጥራ፣ አትፈር። የተርባይኑ የራሱ ኮምፕረሰርም ሲነሳና ሲቆም ብሊድ ቫልቮቹን (አየር የሚያስተነፍሱትን) የሚከፍተው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥ፦ "ባለቤቴ ዱባይ ተርባይን ጣቢያ ነው የሚሰራው። ማሽኑ ቤት ውስጥ ገብቶ እንደሚሰራና እሳት ከተነሳ ጋዝ እንደሚለቀቅ ነገረኝ። ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልፍራ ወይስ አልፍራ?"

መ፦ እህቴ ጭንቀትሽ ይገባኛል፣ እውነቱንም እነግርሻለሁ። ብዙ ተርባይኖች የተዘጋ ቤት ውስጥ ነው ያሉት፣ ኢንክሎዠር ይባላል፣ እሳት ከተነሳ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቅና አየሩን አባሮ እሳቱን ያፍነዋል። የሚለቀቀው መጠን ከቤቱ አየር ሲሶውን ያህል ነው፣ ሰውን ግን 10 ፐርሰንቱ ብቻ በደቂቃዎች ራሱን ያስተዋል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። እኔ ራሴ ድሮ፣ ጣቢያውን አልጠራም፣ ውስጥ ሆኜ ፍሌም ዲቴክተር ስቀይር ሲስተሙ ሳይቆለፍ ቀርቶ ሳይረኑ ጮኸ፣ ከሳይረኑ በኋላ ጋዙ እስኪለቀቅ ያለችውን አጭር ጊዜ ተጠቅሜ ወጣሁ፣ በሩ ቅርብ ስለነበር ነው ዛሬ የምጽፍልሽ።

ስለዚህ ደውይለትና እነዚህን ጠይቂው፦ ከመግባቱ በፊት የጋዙ መስመር ይዘጋል ወይ፣ ቁልፉ በራሱ ኪስ ውስጥ ነው ወይ፣ አየሩ በሜትር ይለካል ወይ፣ በር ላይ የሚጠብቀው ሰው አለ ወይ። አራቱንም አዎ ካለሽ ተኚ። አንዱ እንኳን ከጎደለ ፐርሚቱ (የስራ ፈቃዱ) እስኪስተካከል አይግባ፣ ይሄን እምቢ ማለት መብቱ ነው።

ጥ፦ "ኦማን፣ አዲስ ጣቢያ ግንባታ። የነዳጅ ቧንቧውን በራሱ በጋዙ ነፍተን እናጸዳለን ተብሏል። ችግር አለው?"

መ፦ አለው፣ በጣም። በፈረንጆች ፌብሯሪ 7 ቀን 2010 አሜሪካ ኮነቲከት ሚድልታውን ውስጥ ክሊን ኢነርጂ የሚባለው ጣቢያ ሊመረቅ ሲቃረብ ልክ እንዲህ ሲያደርጉ ጋዙ ህንጻዎቹ መሀል ተጠራቅሞ ፈነዳ፣ 6 ሰራተኞች ሞቱ። ያንን ስራ የተጨመቀ አየር ይሰራዋል። ለሴፍቲ ኦፊሰሩ ዛሬውኑ በጽሁፍ አቅርቡ።

ጥ፦ "አገር ቤት ብመለስ በዚህ ሙያ ስራ አገኛለሁ?"

መ፦ እውነቱን ልንገርህ፣ የኛ መብራት በአብዛኛው የውሃ ነው፣ ጳጉሜ 4 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ብቻ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን ሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ የጋዙ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ መስከረም 2018 ተመርቋል፣ ጋዝ ባለበት ኮምፕረሰር አለ። በተረፈ ቫይብሬሽን (ንዝረት) ማንበብ፣ አላይመንት (ሻፍቶችን ማስተካከል)፣ ቤሪንግ፣ የዘይት ሲስተም፣ ጀነሬተር የምታውቅ ከሆነ የውሃ ተርባይንም ይፈልግሃል፣ ራስህን የጋዝ ሰው ብቻ አድርገህ አትይ። አንድ ነገር ግን አስብበት፣ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ሳሳ ያለ ነው፣ ባህር ወለል ላይ 120 የሚሰጥህን ማሽን እዛ ብትተክለው ከፍታው ብቻ ሩቡን ያህል ይወስድብሃል። ቆላው ለዚህ ማሽን ይሻላል፣ ሙቀቱ እንዳለ ሆኖ።

ጥ፦ "ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ለምን ቀስ እያለ ይዞራል? አንዳንዴ ሙሉ ቀን።"

መ፦ ተርኒንግ ጊር ነው፣ ሻፍቱን ቀስ አድርጎ የሚያዞር መሳሪያ። የጋለ ሮተር ዝም ብሎ ቢቆም ሙቁ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ላዩ ከታቹ ይበልጥ ይሞቃል፣ ሻፍቱም ይጎብጣል። እስኪበርድ ይዙር፣ ዘይቱም አይቋረጥበት፣ መብራት ቢጠፋ እንኳን በባትሪ የሚሰራው የዘይት ፓምፕ መነሳቱን ቆማችሁ እዩ።