ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ከአንባቢዎቻችን የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በአንድ ድርጅት የሕግ ክፍል ውሎችን በእንግሊዝኛ አረቅቃለሁ። ዝርዝር ስጽፍ በመጨረሻ ከሚገቡት «ኤንድ» እና «ኦር» በፊት ኮማ አደርጋለሁ፤ አለቃዬ ግን ሁልጊዜ ይሰርዙታል። ትክክሉ የትኛው ነው? (የሕግ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህ «ኦክስፎርድ ኮማ» የሚባለው ነው። የአሜሪካ መጻሕፍት አሳታሚዎች በአብዛኛው ይጠቀሙበታል፤ ጋዜጦች ግን ብዙውን ጊዜ ይተዉታል። ጉዳዩ የአጻጻፍ ልማድ እንጂ የሰዋስው ሕግ ስላልሆነ፣ አለቃዎን ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። በውል ሰነድ ላይ ግን እኔ ከእርስዎ ጋር እቆማለሁ።

በአሜሪካ ሜይን ግዛት የኦክኸርስት የወተት ኩባንያ ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ተነፍገናል ብለው ከሰው ነበር። የግዛቱ ሕግ ይህ ክፍያ የማይመለከታቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር፣ የሚበላሹ ምግቦችን ማቀነባበር፣ ማድረቅ፣ ማከማቸት እያለ ሄዶ «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢውሽን» ብሎ ያበቃል፤ «ሺፕመንት» ከሚለው ቃል በኋላ ኮማ የለም። ኩባንያው ማሸግና ማከፋፈል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው ሲል፣ ሾፌሮቹ ደግሞ ሕጉ የሚናገረው ለማጓጓዝም ሆነ ለማከፋፈል ስለሚደረግ እሽግ ብቻ ነው፣ እኛ ደግሞ እናከፋፍላለን እንጂ አናሽግም ብለው ተከራከሩ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 አገላለጹ አሻሚ መሆኑን ተቀብሎ፣ አሻሚ ሕግ ለሠራተኛው በሚጠቅም መንገድ ይተርጎም ሲል ወሰነ። በማግስቱ ዓመት ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር እርቅ ተዘጋ። የሚገርመው፣ የሜይን የሕግ አርቃቂዎች መመሪያ ራሱ ይህን ኮማ እንዳይጠቀሙ ይመክር ነበር። በኋላ ሕጉ ሲሻሻል ሥራዎቹ በድርብ ሰረዝ ተለያዩ፤ «ዲስትሪቢውሽን» የሚለውም እንደ ሌሎቹ በ«ኢንግ» እንዲያልቅ ተደርጎ «ዲስትሪቢውቲንግ» ሆነ።

አለቃዎ በአቋማቸው ከጸኑ ዝርዝሩን በተራ ቁጥር ከፋፍለው በየመስመሩ ያስቀምጡት፤ ያን ጊዜ የኮማው ክርክር ራሱ ይቀራል።

ጥያቄ፦ «አይ ሃቭ ሰብሚትድ ማይ ዶክዩመንትስ የስተርደይ» ብዬ ብጽፍ መምህሬ ቀይ አሰመሩበት። በአማርኛ «ሰነዶቼን ትናንት አስገብቻለሁ» ይባል የለም እንዴ? (ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ይባላል፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። የአማርኛው «አስገብቻለሁ» ከ«ትናንት» ጋር ያለ ችግር ይሄዳል፤ የእንግሊዝኛው ፕሬዘንት ፐርፌክት («አይ ሃቭ ሰብሚትድ» የሚለው ዓይነት) ግን ድርጊቱን ከአሁን ጋር ስለሚያያይዝ፣ ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ አምና ከመሳሰሉ ያለቀ ጊዜን ከሚጠቅሱ ቃላት ጋር አይገባም። ስለዚህ ቀኑን መጥቀስ ከፈለጉ «አይ ሰብሚትድ» ይበሉ፤ ዋናው ነገር ሰነዱ አሁን ገብቶ መገኘቱ ከሆነ ደግሞ «አይ ሃቭ ሰብሚትድ» ብለው «የስተርደይ»ን ይተዉት። «ዚስ ሞርኒንግ» ሲሆን ሰዓትዎን ይመልከቱ፦ ገና ጠዋት ከሆነ ፕሬዘንት ፐርፌክቱ ያስኬዳል፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ግን ጠዋቱ አልፏልና ሲምፕል ፓስት («አይ ሰብሚትድ» የሚለው ዓይነት) ይሻላል። «ሲንስ 2010» ተብሎ እስከ ዛሬ ስለዘለቀ ነገር ሲጻፍ ግን ፕሬዘንት ፐርፌክት ግድ ነው፤ ብዙ የሥራ ማመልከቻዎች «አይ ዎርክ ሂር ሲንስ» የሚል ስህተት የሚገኝባቸው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ «ዩኤን» በአናባቢ ፊደል ስለሚጀምር ከፊቱ «ኧን» መግባት የለበትም? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የለበትም፤ የሚቆጠረው ፊደሉ ሳይሆን ድምፁ ነው። «ዩኤን» ሲነገር በ«ይ» ድምፅ ስለሚጀምር «ኤ ዩኤን ሪፖርት» ይባላል፤ «ዩኒቨርሲቲ»ም እንደዚሁ። «ኤንጂኦ» ግን የመጀመሪያ ፊደሉ ተነባቢ ቢሆንም ሲጠራ በአናባቢ ስለሚጀምር «ኧን ኤንጂኦ» ነው። «አወር» በተባለው የሰዓት መጠሪያም መጀመሪያ ላይ ያለው ፊደል ስለማይነበብ «ኧን አወር» ብለው ይጻፉ።