ዝናብ ሳይጥል የሚያንጠባጥብ ጣሪያ

ጥያቄ፦ ከአዳማ ወደ ደባርቅ የተዛወሩ አንባቢ፣ ከጥቅምት ወዲህ ማለዳ ማለዳ ከአቡጀዲ ኮርኒሳቸው ውኃ እየተንጠባጠበ አልጋቸውን እንደሚያረጥብባቸው ጽፈውልኛል። የአገሩ አየር ረፋድ ላይ ፀሐይ ሆኖ ወዲያው በጉም ስለሚሸፈንና ስለሚያካፋ፣ ሌሊት የዘነበ እየመሰላቸው ጣሪያውን ሁለት ጊዜ ካትራሜ አስቀብተዋል፤ ለውጥ ግን አላዩም። አሁን ቆርቆሮውን በሙሉ ማስቀየር ይኖርብኝ እንደሆነ ይንገሩኝ ይላሉ።

መልስ፦ ቆርቆሮዎን አይንኩት። እንደገለጹልኝ ከሆነ ውኃው ከውጭ የገባ ሳይሆን ከቤትዎ የተነሣ እንፋሎት ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አዳማን በ1,200 ሜትር ያህል ትበልጣለች፤ የአየሩ ሙቀት ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ በሚያድርበት ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ከማብሰያውና ከተኙ ሰዎች ትንፋሽ የሚነሣው እርጥበት በአቡጀዲው አልፎ ይህን ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ውኃ ይሆናል፤ ብርዱ ከጠናም ውርጭ ሆኖ ይጋገርና ፀሐይ ጣሪያውን ስትመታው ቀልጦ ይወርዳል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ያረጋግጡ። ሌሊቱ ጥርት ብሎ ባደረበት ዕለት፣ ፀሐይ ሳትወጣ የኮርኒሱን አንድ ጥግ ገልጠው በባትሪ ይመልከቱ። ጠብታው ከሞገዱ ሥር ሥር እንደ ዶቃ ተደርድሮ ጣሪያውን በሙሉ ከያዘ፣ ወደ ውስጥ የዘለቁት የሚስማር ጫፎችም ነጭ ውርጭ ከለበሱ፣ ነገሩ እንፋሎት ነው። የዝናብ ፍሳሽ ግን ከአንድ ሚስማር ቀዳዳ ወይም ከአንድ መደራረቢያ ተነሥቶ በሞራሌው ላይ የውኃ መስመር እየተወ ይወርዳል።

መፍትሔው በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር እንዲመላለስ ማድረግ ነው። በተለምዶ የሚያዘው ልክ ከኮርኒሱ ስፋት 150ኛ እጅ ስለሆነ፣ 30 ካሬ ሜትር ለሆነ ክፍል በሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች አናት፣ ከኮርኒሱ በላይ፣ እያንዳንዳቸው 50 በ20 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት መስኮቶች ይበቃሉ፤ ወንፊት ሽቦ የሚመታባቸው ከሆነ ትንሽ ሰፋ ይበሉ። ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ እንዳይገባም ከላያቸው ወደ ውጭ ያዘነበለ የቆርቆሮ ጥላ ያስደርጉላቸው። ቀጥሎ አቡጀዲውን አስነሥተው በቦታው ቺፕውድ ያስመቱ፤ ከቺፕውዱ በላይ ሳይቀደድ የተዘረጋ ወፍራም ፕላስቲክ ካለ የቤቱ እርጥበት ወደ ጣሪያው አይደርስም። አቅም ካነሰ ግን መስኮቶቹ ይቅደሙ።

እባክዎ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በርካታ ሰዎች ብርዱን ለመከላከል ቀዳዳ ሁሉ ደፍነው የከሰል ምድጃ ይዘው ይተኛሉ። የከሰል ጭስ ባይታይም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለውና ተኝቶ የነበረን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ከሰል የነደደበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይተኙ፤ ምግብም የሚበስለው በተለየ ክፍል ወይም መስኮት ተከፍቶ ይሁን።

ክረምት ሲቃረብ ደግሞ ሌላውን ነገር ያስፈትሹ። በገደል አፋፍ አቅራቢያ ነፋሱ ዝናቡን ወደ ጎን ስለሚገፋው፣ የቆርቆሮዎቹ የጎን መደራረቢያ ቢያንስ ሁለት ሞገድ ሊሆንና አፉ ነፋስ ከሚበዛበት አቅጣጫ በተቃራኒ ሊዞር ይገባል፤ ሚስማሩም የሚመታው በሞገዱ አናት እንጂ በሸለቆው ላይ አይደለም። በረዶ ሲጥል አሸንዳው ቶሎ ይደፈናልና ዝናቡ እንዳባራ ይጠረግ።

ቀድሞ የተቀባው ካትራሜ በሚስማር ራስ ላይ ያለው ቢቆይ ጉዳት የለውም፤ በጣሪያው ጠርዝ አየር የሚገባበትን ክፍተት የደፈነው ግን ተፍቆ ይነሣ።