ለጀማሪ ጌም ሠሪዎች፦ በአንድ ማታ የሚያልቀውን ጌም አትናቁ

ውድ ልጆች፣

ጌም መሥራት ያማራችሁ ወጣቶች የመጀመሪያ ሐሳባችሁ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ሰፊ ከተማ፣ መኪና፣ ተኩስ፣ በኦንላይን መቶ ሰው አብሮ የሚጫወትበት ሜዳ። እንዲህ ያለውን ሥራ በመቶ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ደመወዝ እየተከፈላቸው ለዓመታት ደክመውበት ነው የሚያወጡት። በአንድ ላፕቶፕ፣ ከትምህርትና ከሥራ በተረፈች ሰዓት የተጀመረ እንደሆነ ግን የመክፈቻ ገጹ አምሮ ሌላው ሳይሠራ ይቀራል።

የእኔ ምክር አጭሩን እንድትይዙ ነው። ፑዝል ፕላትፎርመር የሚባለውን፣ ከጎን እየታየ፣ እየሄዱና እየዘለሉ እንቆቅልሽ የሚፈታበትን፣ ወሬው ጥቂት ድባቡ ከባድ የሆነውን ጌም መጀመሪያ ተጫወቱት፣ ቀጥሎ ፈታታችሁ እዩት፣ ከዚያ የዐሥር ደቂቃ የሚሆን የራሳችሁን ሥሩ።

ከየት እንጀምር ካላችሁ ከሊምቦ። ፕሌይዴድ የተባለው የኮፐንሃገን ስቱዲዮ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ መሪው አርንት የንሰን ይባላል። ቀለም የለውም፣ ንግግር የለውም፣ «ይህን ተጫን» የሚል ጽሑፍም የለውም። አንድ ልጅ ጫካ ውስጥ ተኝቷል፤ ቁልፍ ስትነኩ ዓይኑን ይገልጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያላችሁ መሄድ፣ መዝለልና መያዝ ብቻ ነው። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ያልቃል። ሲወጣ ዋጋው 15 ዶላር ስለነበር «ለዚህ ርዝመት ተወደደ» ብለው ያጉረመረሙ ብዙ ነበሩ። እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። አርባ ሰዓት የሚፈጅ ጌም ውስጥ ሠላሳው ያንኑ ነገር መደጋገም ነው፤ ሊምቦ አንዱን ሐሳብ አንዴ ወይም ሁለቴ ያሳይና ጥሎት ያልፋል። ስቱዲዮው ቀጣዩን ጌም ኢንሳይድን ያወጣው በ2016፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን ከዚያ አይረዝምም። ደግሞ ለላፕቶፓችሁ አትስጉ፤ ሊምቦ 512 ሜጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር የሚሄድ፣ ዲስክ ላይ ከ200 ሜጋባይት በታች የሚይዝ ጌም ነው።

አንድ ቦታ ጠጋ ብለን እንይ። ጨዋታው እንደተጀመረ ሣር ውስጥ የብረት ወጥመድ ታገኛላችሁ። የረገጠው ልጅ ይሞታል፤ ጭንቅላቱ ሲቆረጥ ማየት ደስ አይልም፣ ግን አትረሱትም። ወጥመዱ በእጅ ተይዞ እንደሚጎተትም እዚያው ትማራላችሁ። ትንሽ አለፍ ብሎ ግዙፍ ሸረሪት መንገዱን ዘግቶ በእግሩ ይወጋችኋል። መሣሪያ የላችሁም። መፍትሔው ያው ገዳዩ ወጥመድ ነው፤ ጎትታችሁ ሸረሪቱ እግሩን የሚተክልበት ቦታ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። አዲስ ቁልፍ አልተጨመረም፣ ማብራሪያ አልተሰጠም፤ የምታውቁት ነገር ብቻ ሌላ ጥቅም ላይ ዋለ። ስትጫወቱ እንዲህ ያለውን ቦታ በማስታወሻ ያዙ፦ መጀመሪያ የት አየሁት፣ የት አስፈራኝ፣ የት ጠቀመኝ።

ሁለተኛው የጆናታን ብሎው ብሬድ ይሁን፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። መልኩ በቀለም ያሸበረቀ ሥዕል ነው፣ አንጎል ግን ያደክማል። ሞታችሁ ስትወድቁ ጊዜን ወደ ኋላ ትመልሳላችሁ። ቀጥሎ ጊዜ ቢመለስም የማይመለሱ ዕቃዎች ይመጣሉ። ከዚያ ደግሞ ወደ ቀኝ ስትሄዱ ጊዜ ወደ ፊት የሚሄድበት፣ ወደ ግራ ስትሄዱ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ዓለም አለ። የሚሰበሰቡት የሥዕል ቁርጥራጮች 60 ናቸው፤ ለማብዛት ተብሎ የተጨመረ አንድም አታገኙም። ከተቻላችሁ ሁለቱንም ጌም በማዳመጫ፣ ማታ፣ መብራት ቀንሳችሁ ተጫወቱ። ሲያቅታችሁ ዩቲዩብ አትክፈቱ። በልጅነት «እንቆቅልህ» ስንባባል ገና ሳያስብ ሀገር የሚሰጥ ልጅ ጨዋታውን ያበላሽ ነበር፤ መልሱን ከቪዲዮ የሚያይም እንደዚያው ነው። ዘግታችሁ ተኙና ነገ ተመለሱ።

አሁን ወደ ሥራው። ጎዶት የሚባለውን ኢንጂን፣ ማለትም ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር፣ ውሰዱ፤ ነፃ ነው፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ከሸጣችሁበትም የሚቆርጠው የለም። ዳታ ለሚገዛ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኢንጂኑ ራሱ ትንሽ ፋይል ነው፤ ጌሙን ወደ ዊንዶውስ ወይም ወደ ስልክ ለማውጣት የሚያስፈልገው የኤክስፖርት ቴምፕሌት ግን ወደ 1 ጊጋባይት የሚጠጋ ነው፤ ዋይፋይ ባገኛችሁበት ቀን አስቀድማችሁ አውርዱት። ፕሮጀክት ስትከፍቱ ሥዕሉን ስክሪን ላይ ከሚያወጡት ሦስት ሬንደረሮች «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ምረጡ፤ ሌሎቹ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ወይ አይከፈቱም ወይ ይንተፋተፋሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራችሁ ዝላይ ብቻ ነው። ሥዕል አትሥሩ፤ ግራጫ ሣጥን ይበቃል። ቁጥሮቹን በግምት እየነካኩ ከመዋል አስሏቸው። ገጸ ባሕሪው 96 ፒክስል ከፍ እንዲል፣ ጫፍ ለመድረስም 0.4 ሰከንድ እንዲፈጅበት ፈለጋችሁ እንበል። የስበቱ ኃይል ከፍታውን በሁለት አባዝቶ ጊዜው በራሱ ተባዝቶ ለሚመጣው ቁጥር ማካፈል ነው፤ 192 ሲካፈል ለ0.16፣ 1200 ይመጣል። የመነሻው ፍጥነት 192 ሲካፈል ለ0.4፣ ማለትም 480 ነው። ጎዶት 4 ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስበቱን በዴልታ፣ ማለትም ከአንዱ ፍሬም (የስክሪን ምስል) እስከ ቀጣዩ ባለው ጊዜ፣ ማባዛት ግድ ነው፣ የመጨረሻውን ቬሎሲቲ (ፍጥነቱን) ግን አታባዙት፤ የማንቀሳቀሻው ትእዛዝ ራሱ ያባዛዋል። ሁለቴ ከተባዛ ገጸ ባሕሪው እንደ ቀንድ አውጣ ይንፏቀቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አስምሩበት። በሰከንድ 200 ፒክስል የሚሄድ ገጸ ባሕሪ አየር ላይ 0.8 ሰከንድ (0.4 ለመውጣት፣ 0.4 ለመውረድ) ከቆየ 160 ፒክስል ይሻገራል። ወርዱ 24 ከሆነ ይህም ይጨመራል፤ ምክንያቱም የኋላ ጠርዙ ከመሬት እስኪለቅ አይወድቅም፣ የፊት ጠርዙ ሲነካ ደግሞ አርፏል። 184 ሆነ። ጠርዝ ካለፈ በኋላ ለ0.1 ሰከንድ ያህል መዝለል መፍቀድ የተለመደ ደግ ሥራ ነው፣ ያለዚያ ተጫዋቹ «ተጭኜ እምቢ አለኝ» ብሎ ይናደዳል፤ እሱም ወደ 20 ይጨምራል። ስለዚህ የመጨረሻው ድንበር 200 አካባቢ ነው። እንግዲህ ሊዘለል የሚገባው ክፍተት ከ130 አይብለጥ፤ ሊዘለል የማይገባው ከ260 አይነስ። በመካከሉ ያለውን ፈጽሞ አትጠቀሙበት። ለምን? 190 ፒክስል ክፍተት ያየ ሰው «ትንሽ ቀረኝ» እያለ ሃያ ጊዜ ይዘልላል። እንቆቅልሽ መሆኑን አያውቅም፤ ጣቱ የሰነፈ ይመስለዋል። የማይቻለው ነገር ከሩቅ «አይቻልም» ማለት አለበት፣ ያኔ ሰውየው ቆሞ ዙሪያውን ያያል። በኋላ ደግሞ «ሲወድቅ ፈጠን ይበል» ብላችሁ የመውረጃውን ስበት አንድ ተኩል እጥፍ ብታደርጉት 160 የነበረው ጉዞ ወደ 145 ይወርዳል፤ የሠራችሁትን ክፍተት ሁሉ እንደገና ለኩ።

ከፍታም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። ሣጥኑ 48 ከሆነ ግድግዳውን 128 አድርጉት፤ ያለ ሣጥን 32 ይጎድለዋል፣ ከሣጥኑ ጋር 16 ይተርፈዋል። ግድግዳውን 142 ብታደርጉት በወረቀት ላይ ይደረሳል፣ በተግባር ግን ተጫዋቹ አንዴ ሞክሮ ሲስት «ይህ መልሱ አይደለም» ብሎ ትክክለኛውን መንገድ ይተወዋል። የሣጥን ሁለተኛው ጣጣ ግድግዳ ጥግ መግባቱ ነው። መግፋት ብቻ ካለ እዚያ ተወትፎ ይቀራል፣ ጨዋታውም ሳይሞቱ ያልቃል። ወይ መጎተት ፍቀዱ፣ ወይ ሣጥኑን ወደ ቦታው የሚመልስ ነገር አስቀምጡ። ሣጥኑን ለፊዚክስ ኢንጂኑ ባትተዉት እመርጣለሁ፤ ይንጋደዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ገጸ ባሕሪውን ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። ግራና ቀኝ ብቻ እንዲሄድ በኮድ ብትጽፉት ሃያ መስመር አይሞላም።

ሞት ርካሽ ይሁን። ከሞተበት እስከሚነሳበት ከሁለት ሰከንድ አይለፍ፤ የሚነሳውም እንቆቅልሹ በር ላይ ነው እንጂ ሁለት ክፍል ወደ ኋላ ተመልሶ አይደለም። የማዳኛ ነጥብ፣ ማለትም የሞተው የሚነሳበትን ቦታ፣ አየር ላይ ወይም ተወንጫፊ መጋዝ አጠገብ አታድርጉ፤ የተነሳው ሁሉ እዚያው ይሞታል።

ስለ ታሪኩ ብዙ አትጨነቁ። ድባቡ ግን ሥራ ይፈልጋል፣ ከሚታየውም የሚሰማው ይበልጣል። የሊምቦና የኢንሳይድ ድምፅ ባለሙያ ማርቲን ስቲግ አንደርሰን ለኢንሳይድ ድምፆችን በእውነተኛ የሰው ራስ ቅል ውስጥ አሳልፎ ነው የቀዳቸው፤ አጥንት ውስጥ ያለፈ ድምፅ ከራሳችሁ ጭንቅላት የሚመጣ ይመስላል። ለእናንተ ስልካችሁ ይበቃል። ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ዝናብ፣ ከሩቅ የሚጮህ ጅብ፣ የጄኔሬተር እምምታ ቅዱ። አንድ ድምፅ ብቻ እያሽከረከራችሁ ካጫወታችሁ ጆሮ በሦስተኛው ዙር ይነቃበታል። ሁለት ውሰዱ፣ አንዱ 37 አንዱ 53 ሰከንድ ይሁን፤ እንደገና አብረው የሚጀምሩት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። የእግር ኮቴውንም ቢያንስ አራት ዓይነት አድርጉት።

ጨለማ ሥዕል ሌላ ችግር ያመጣል። ከጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ የሚሄድ ሰማይ በ20 የብርሃን ደረጃ ብቻ 1920 ፒክስል ስክሪን ቢሸፍን፣ እያንዳንዱ ደረጃ ወደ 96 ፒክስል ይሰፋና መስመር መስመር ሆኖ ይታያል። ስክሪን ካርዱ ተበላሽቶ አይደለም። ላዩ ላይ ስስ፣ በየፍሬሙ የሚለዋወጥ ነጠብጣብ ጨምሩበት፤ መስመሩ ይጠፋል፣ የድሮ ፊልም መልክም ታተርፋላችሁ። የጀርባውን ሥዕል በካሜራው (ገጸ ባሕሪውን ተከትሎ በሚሄደው እይታ) ፍጥነት 0.2 እጥፍ፣ መካከለኛውን 0.5፣ ከፊት የሚያልፈውን ቅጠል 1.2 አድርጋችሁ አንቀሳቅሱት። ያ የፊት ቅጠል ግን ገዳይ ነገር የሚሸፍን ከሆነ አንሱት።

ሲያልቅ ለአምስት ሰው ስጡ፤ ቢቻል ጌም የማይጫወት አንድ ይኑርበት። በቴሌግራም ስትልኩ ከዋናው ፋይል ጋር የሚወጣው፣ የጌሙን ሥዕልና ድምፅ የያዘው ፒሲኬ ፋይል ተነጥሎ ከቀረ ጌሙ አይከፈትም፤ ኤክስፖርት ሲደረግ ሁለቱን አንድ አድርጉ ወይም በዚፕ እሰሯቸው። ከቻላችሁ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ እዩ፣ አፋችሁን ግን ያዙ፤ «ሣጥኑን እኮ» ካላችሁ ፈተናው ተበላሸ። የት እንደቆሙ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆሙ፣ ምን ደጋግመው እንደሞከሩ ጻፉ። ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ፍንጭ የሚሰጥ ጽሑፍ ለመጨመር አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ማሰብ አቅቷቸው ሳይሆን ነገሩን ስላላዩት ነው፤ ሣጥኑ ከካሜራው ውጭ ነው፣ ወይም የተዘጋውን በር ሳያዩ ሣጥኑን አልፈውታል። በሩን ቀድመው እንዲያዩት ቦታውን ለውጡ፣ ሣጥኑን ከጀርባው ሥዕል በአንድ ደረጃ የበራ አድርጉት፣ ከዚያ ጌሙን ገና ላላየ ለስድስተኛ ሰው ስጡ።